ከተከታታይ ፊልም የተወለዱ ልብ ወለዶች፦ የአንባቢን አስተያየት ማንበብ እንዴት ተማርኩ

የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ስክሪን ላይ ቢያልቅም ታሪኩ አያልቅም። በመጽሐፍ ይቀጥላል። ስታር ትሬክን የወደደ ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ልብ ወለዶች ይጠብቁታል። የዶክተር ሁ አድናቂም እንደዚያው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛውን ላንብብ የሚለው ግን ሽፋን በማየት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ሽፋኑ ላይ ያለው የተዋናዩ ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው የሻጭ ቃል ነው። የሚቀረው የአንባቢ አስተያየት ብቻ ነው።

አስተያየቱ ደግሞ ለሰሚው ግራ ነው። አንዱ በሕይወቱ ካነበባቸው ሁሉ ምርጡ እንደሆነ ይጽፋል። ከሱ ሥር ያለው ገና መጀመሪያው ላይ ሰልችቶት እንደተወው ይናገራል። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ አንባቢዎች ለመጽሐፉ የሚሰጡትን የኮከቦች አማካይ ማየት ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ አንድ መጽሐፍ መረጥኩና መጀመሪያ ስለሱ ያገኘሁትን አስተያየት ሁሉ አነበብኩ። እያንዳንዱ ሰው ምኑን እንደወደደው፣ ምኑ እንዳልተመቸው በአጭሩ ማስታወሻ ያዝኩ። ከዚያ መጽሐፉን አነበብኩ። ስጨርስ ወደ ማስታወሻዬ ተመለስኩ። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ገጾቹ ላይ ያገኘሁትን ነገር ቀድሞ የነገረኝ ማን ነው? መውደድ አለመውደዱን አልነበረም የምፈልገው። ሰውየው መጽሐፉን በትክክል አይቶታል ወይ የሚለውን ነው።

የመረጥኩት «ኤ ስቲች ኢን ታይም» የተባለውን ልብ ወለድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የታተመ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ከ1993 እስከ 1999 ከተላለፈው ከስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን የተወሰደ ነው። የጻፈው አንድሩ ሮቢንሰን ነው፤ በተከታታዩ ላይ ጋራክን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ራሱ። ጋራክ ታሪኩ በሚካሄድበት ጠፈር ጣቢያ ላይ ልብስ እየሰፋ የሚኖር፣ ካርዳሲያ ከምትባል ፕላኔት የመጣ ስደተኛ ነው። የድሮ ሥራው ግን ስለላ ነው። ሮቢንሰን ገጸ ባህርይውን በደንብ ለማወቅ በጋራክ ስም የሕይወት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ከሱም ቆንጥሮ አድናቂዎች በሚሰበሰቡበት መድረክ ላይ ያነብላቸው ነበር። መጽሐፉ ከዚያ አደገ። ቅርጹ ጋራክ ለጣቢያው ሐኪም ለዶክተር ባሺር የሚጽፈው ረጅም ደብዳቤ ነው።

መጽሐፉ ለሙከራ የተመቸኝ፣ አስተያየት የሰጠው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ስለሚገናኝ ነው። ድምፁ ላይ።

«ጋራክ ራሱ ሲያወራ ሰማሁት» የሚል አስተያየት ሞልቷል። ደስ ይላል፤ ግን ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ደራሲው ተዋናዩ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያነብም ሊለው ይችላል። የጠቀሙኝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ የገቡት ናቸው። ነገሩን ለመረዳት አንድ ክፍል ማስታወስ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሲዝን «ዘ ዋየር» የሚባል ክፍል አለ። ጋራክ በጠና ታሞ ከአገሩ ለምን እንደተባረረ ለባሺር ይነግረዋል። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ፣ በየጊዜውም ሌላ ታሪክ። መጨረሻ ላይ ባሺር የቱ ነው እውነቱ ብሎ ሲጠይቀው ሁሉም እውነት ናቸው ይለዋል። ውሸቶቹም? በተለይ ውሸቶቹ። ተከታታዩን ያየ ሰው ይህን መልስ አይረሳውም።

እንግዲህ ይህ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የልጅነቱን፣ የፍቅሩን፣ የሥራውን ነገር ይጽፋል። ስለዚህም አንዳንድ አንባቢ ይከፋል። ሲሸሽግ የኖረ ሰው እንዴት እንዲህ በአንዴ ግልጽ ይሆናል፣ የኛ ጋራክ ይህ አይደለም ይላል። ሌላው ይመልሳል፦ የምትሉት ጋራክ የሚዋሽበት ምክንያት ነበረው፤ አሁን ምክንያቱ ፈርሷል። በተከታታዩ መጨረሻ ላይ ካርዳሲያ በጦርነት ወድማለች። 800 ሚሊዮን ሰው አልቋል። ጋራክ ደብዳቤውን የሚጽፈው ፍርስራሹ መሃል ተቀምጦ ነው። የሚደብቅለት መንግሥት የለም፤ የሚፈራው አለቃም የለም።

እኔ አንብቤ ስጨርስ ከሁለተኛው ጋር ቆምኩ። ግን የመጀመሪያውም ሰው ጠቅሞኛል። የት ቦታ ላይ ጆሮዬን ማቆም እንዳለብኝ ያሳየኝ እሱ ነው። ዓይኔ ግልጽነቱ ላይ ስላረፈ ጋራክ ምን እንደዘለለም አስተዋልኩ። አስተያየት ጥሩ የሚሆነው እኔ ከምደርስበት ፍርድ ጋር ሲስማማ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለን አንድ ነገር በጣቱ ሲያሳየኝ ነው።

ታሪኩ ይዘላል የሚል ቅሬታም ብዙ ነበር። እውነት ነው፤ ይዘላል። የጋራክ ወጣትነት ባማረን በሚባለው ትምህርት ቤት፣ ጣቢያው ላይ የነበሩት የጦርነቱ ጊዜያት፣ ከጦርነቱ በኋላ ያለችው ካርዳሲያ፤ ሦስቱ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። «ይዘላል» ብሎ ያቆመው ሰው ብዙም አልረዳኝም። ሦስቱን ዘመን ለይቶ የነገረኝ ግን ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ የት እንዳለሁ እንዳውቅ አደረገኝ። ቅሬታው ያው ነው፤ አንዱ ግን ከማጉረምረም አልፎ መንገድ አሳይቷል።

ከዚህ በኋላ የሌሎች መጻሕፍትን አስተያየት ሳነብ የመጀመሪያ ሥራዬ አስተያየት ሰጪው ተከታታዩን አይቶታል ወይ የሚለውን መፈለግ ሆነ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ካልተናገረም ያስታውቅበታል፤ ስሞቹ በዝተውብኛል፣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ ካለ አላየውም። የዚህ ሰው አስተያየት ለኔ ለምርጫ አይሆነኝም። መጽሐፉን ተከታታዩን ላላየ ጓደኛ ላውሰው ወይስ አላውሰው ስል ግን ከሱ የተሻለ አማካሪ የለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «ይህ አይቆጠርም» የሚሉት ነገር።

የተከታታይ ፊልም ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ ስክሪን ላይ የታየውን ብቻ እንደ እውነተኛ ታሪክ ይቆጥራሉ። መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈው አያስገድዳቸውም። ስለዚህ አንድ ልብ ወለድ ዛሬ የሠራውን ነገ የሚወጣ አዲስ ሲዝን ሊያፈርሰው ይችላል። ይህን ይዘው አንዳንድ አንባቢዎች መጽሐፉን ገና ከመክፈታቸው ዝቅ ያደርጉታል። አይቆጠርም፣ ስለዚህ ምን ያደርጋል ይላሉ።

እኔ ይህን እንደ ትችት አልቀበለውም። ስለ መጽሐፉ አንድም ነገር አይናገርማ። በዚያ ላይ ታሪኩ የሚያሳየው ሌላ ነው። የስታር ትሬኩ ገጸ ባህርይ ሱሉ የመጀመሪያ ስሙ ሂካሩ ነው። ስሙ የመጣው ከቴሌቪዥን አይደለም። ቮንዳ ማኪንታየር በ1981 ባሳተመችው «ዘ ኢንትሮፒ ኢፌክት» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ነው የሰጠችው። ፊልም ላይ የተጠራበት በ1991 ነው። ዶክተር ሁ ደግሞ በ1989 ከቴሌቪዥን ሲጠፋ ታሪኩን ያቆዩት መጻሕፍት ናቸው። ፖል ኮርኔል በ1995 የጻፈው «ሂዩማን ኔቸር» ተከታታዩ ከተመለሰ በኋላ በ2007 ለስክሪን በቃ። ጽሑፉን ለስክሪን ያዘጋጀውም ራሱ ነው። የማይቆጠሩት መጻሕፍት የሚቆጠረውን ታሪክ ሲሠሩ ኖረዋል።

ያም ሆኖ ከዚህ ቅሬታ ውስጥ አክብሬ የማነበው አንድ ዓይነት አለ። የስታር ትሬክ ደራሲዎች ከ2001 ጀምሮ ዲፕ ስፔስ ናይንን ካቆመበት ቀጥለው፣ አንዱ የሌላውን እየተቀበለ፣ ለዓመታት የተያያዘ ታሪክ ሠርተው ነበር። በ2020 ስለ ሌላው የስታር ትሬክ ገጸ ባህርይ ስለ ካፒቴን ፒካርድ አዲስ ተከታታይ ሲመጣ ያ ሁሉ ከስክሪኑ ጋር ተጋጨ። በ2021 ደራሲዎቹ «ኮዳ» በሚል ስም በወጡ ሦስት ልብ ወለዶች ታሪኩን ዘጉት። የእነዚህን መጻሕፍት አስተያየት ስታነቡ ሐዘን ታያላችሁ። ከሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ አብረው የኖሩ አንባቢዎች ናቸው የሚጽፉት። ኮከብ ቢቀንሱ ዓረፍተ ነገሩ ቀሽም ስለሆነ አይደለም፤ የሚወዱት ስለተወሰደባቸው ነው። ይህን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። አዲስ አንባቢ የዚያን ሐዘን ውጤት እንደ ጥራት መለኪያ ቢወስደው ይሳሳታል።

ሌላው የረዳኝ ነገር የኅትመቱን ዓመት ማየት ነው። ተከታታዩ ገና እየተላለፈ የወጣ ልብ ወለድ እጁ የታሰረ ነው። የተከታታዩ ባለመብት ሐሳቡንም የተጠናቀቀውንም ጽሑፍ አይቶ ያጸድቃል። ዋና ገጸ ባህርይ መግደል አይቻልም፤ ማጋባትም አይቻልም። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም በነበረበት መገኘት አለበት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ይጠብቃቸዋል። «ምንም አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታ በነዚህ መጻሕፍት ላይ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ቅሬታው ልክ ነው፣ ግን የደራሲው አቅም ማነስ ምልክት አይደለም። ከእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ የምጠብቀው ሌላ ነው፦ ለአንድ ሰው ውስጡን ማየት፣ በቴሌቪዥን በጀት የማይቻል ዓለም መጎብኘት። አስተያየት ውስጥ የምፈልገውም ይህንን ነው።

የዶክተር ሁ የቆዩ መጻሕፍት ደግሞ የተለየ ጉዳይ ናቸው። ከ1973 ጀምሮ ታርጌት በሚባል አሳታሚ ስም የወጡት ቀጫጭን መጻሕፍት የተላለፉ ክፍሎችን በጽሑፍ የሚተርኩ ናቸው። ቴራንስ ዲክስ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ዛሬ የሚያነብ ሰው ፈጣን ነው፣ ጥልቀት የለውም ይላል። በጊዜው ልጅ የነበረ አንባቢ ግን ፍቅሩ ከአፉ አይወጣም። ምክንያቱን ሳውቅ ገባኝ። ያኔ ሰው ቤቱ ቪዲዮ አልነበረውም። አንድ ክፍል ያመለጠው አመለጠው። ቢቢሲም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ካሴቶቹን ደምስሷል፤ እስከ ዛሬ ያልተገኙ ክፍሎች አሉ። ለዚያ ልጅ ተከታታዩን መልሶ የሚያይበት መንገድ መጽሐፉ ነበር። ሁለቱም አንባቢዎች እውነታቸውን ነው። እኔ ማድረግ ያለብኝ የምፈልገው የትኛውን ንባብ እንደሆነ መወሰን ነው።

ስፖይለርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ ሰው የመካከለኛ ኮከብ አስተያየቶችን ያስቀድም። ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ አጻጻፉ ነው የሚያወሩት። በፍቅር የተቃጠለውና በንዴት የጋለው ናቸው መጨረሻውን የሚያፈነዱት።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ራሴም አስተያየት መጻፍ ጀመርኩ። ሌሎቹ ላይ ፈልጌ ያጣሁትን ነው የማስቀድመው። ተከታታዩን እስከ የት እንዳየሁ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። ቀጥሎ መጽሐፉ ከየትኛው ሲዝን በኋላ እንደሚገባ። ከዚያ የአንድ ገጸ ባህርይ አነጋገር ላይ እቆማለሁ፤ የተመቸኝን ወይም ያልተመቸኝን አንድ ቦታ አንስቼ፣ ታሪኩን ሳልነግር። አሪፍ ነው ብዬ ብቻ አላልፍም። ስክሪኑ ላይ ሲናገር የሚሰማው ሰው ገጹ ላይም ከተሰማኝ በምን እንደተሰማኝ እጽፋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል? ጥያቄ በጥያቄ ይመልሳል? ሌላው አንባቢ ራሱ እንዲመዝን ያ ይበቃዋል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ አስቀድመው መታየት ያለባቸውን ክፍሎች አስቀምጣለሁ። ለ«ኤ ስቲች ኢን ታይም» የጻፍኩት ይህ ነው፦ ከሁለተኛው ሲዝን «ዘ ዋየር»፣ ከሦስተኛው «ኢምፕሮባብል ኮዝ» እና ተከታዩ «ዘ ዳይ ኢዝ ካስት»፣ ከስድስተኛው «ኢን ዘ ፔል ሙንላይት»፣ ከዚያ የሰባተኛው ሲዝን የመጨረሻ ክፍሎች። ጊዜ ያጠረው ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻዎቹን ይይ፤ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈና ከየት እንደተጻፈ የሚገባው በነሱ ነው።