ድህነትና የአእምሮ ሕመም፦ የትኛው ቀደመ?

በድህነትና በአእምሮ ጤና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል፤ ሰው የሚታመመው ስለ ደኸየ ነው ወይስ የሚደኸየው ስለ ታመመ?

ፋሪስና ደንሃም የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት፣ በቺካጎ ወደ ሆስፒታል የገቡት የስኪዞፍሬንያ (ሰው የሌለ ድምፅ እስኪሰማና ከእውነታው እስኪርቅ የሚያደርስ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕሙማን በብዛት የመጡት ከመሀል ከተማው ድሃ ሰፈሮች መሆኑን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ግኝቱ ሁለቱንም መልሶች ይቀበላል። የሰፈሩ ኑሮ ራሱ ሊያሳምም ይችላል፤ ሕመሙ ሥራውን ያሳጣው ሰውም ኪራይ ወደሚረክስበት ሰፈር ይወርዳል። ዶረንዌንድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በእስራኤል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ መልሱ እንደ ሕመሙ ዓይነት እንደሚለያይ ይጠቁማል፤ በስኪዞፍሬንያ ረገድ ሕመሙ ወደ ድህነት መግፋቱ፣ በሴቶች ድብርት ረገድ ግን የኑሮው ጫና ማሳመሙ አመዝኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «የአእምሮ ሕመም» የሚለውን ቃል ሁሉን በአንድ ጠቅልሎ የሚጠቀም ዘገባ ሳነብ እጠነቀቃለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ ግን በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት የተካሄደው ጥናት ነው። ተመራማሪዋ ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቻቸው ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ1,420 ልጆችን የአእምሮ ጤና ይከታተሉ ነበር። ጥናቱ ገና ሳያልቅ፣ ቼሮኪ በተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ይዞታ ላይ ካዚኖ (የቁማር ቤት) ተከፈተና ከትርፉ ለእያንዳንዱ የማኅበረሰቡ አባል፣ ድሃ ሀብታም ሳይባል፣ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። ገንዘቡ ለጤነኛውም ለታመመውም እኩል ስለ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የታየውን ለውጥ «ቀድሞም ጤነኞቹ ናቸው ኑሯቸውን ያሻሻሉት» ብሎ ማስረዳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከድህነት በወጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ይታይ የነበረው እምቢተኝነትና ጠበኝነት ቀንሶ ድህነትን ፈጽሞ ካላዩት ልጆች ጋር ተስተካከለ። ጭንቀትና ድብርት ግን እምብዛም አልተለወጡም። ጥናቱን ያመንኩት ይህን ሁለተኛውን ግኝት ሳይሸፍን ስላቀረበም ጭምር ነው።

ተመራማሪዎቹ ለውጡ በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ሲመረምሩ ያገኙት ዋና ነገር የወላጆች ክትትል ነበር፤ ከድህነት የወጡ ወላጆች ልጆቻቸውን በቅርበት መከታተል ችለው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ፣ በማንኛውም ጥናት ሠንጠረዥ ላይ «ገቢ» የሚል ዓምድ ሳይ፣ ከገንዘቡ ጋር ወላጅ ያገኘው ወይም ያጣው ጊዜ አብሮ ተለክቶ እንደሆነ አስቀድሜ እፈልጋለሁ።