ስንቅ የሚካፈሉ ልጆች

ስለ ጎጃም ፍቅር ለወጣቶች ታሪክ ልጽፍ ነው ስል የሰማ ሁሉ ሰብለንና በዛብህን ያነሳብኛል። እውነታቸውን ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አገር ፍቅር የሚጽፍ ሰው ከዚያ ጥላ አያመልጥም። ደግነቱ እነዚያን ያለያያቸው ዘርና ማዕረግ ነበር። የእኔዎቹ ከገጠር መጥተው ብቸና ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የ17 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ዘራቸውን የሚጠይቃቸው የለም፣ ኪራይ ግን ይጠየቃሉ።

ስለዚህ ከስንቁ ጀመርኩ። የተከራይ ተማሪ ሳምንት የሚቆጠረው በስንቅ ነው፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ፣ እሑድ እንጀራና ሽሮ ተሸክሞ መመለስ። ሰኞ ሁሉም ሀብታም ነው። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይሻግታል፣ ድርቆሹም ያልቃል። ልጁ ሐሙስ ማታ በልጅቷ በር ላይ ቆሞ በሶ በፌስታል ይዘረጋላታል።

«እኔ በልቻለሁ፤ ይኼ ከሚበላሽ ብዬ ነው።»

በሶ እንደማይበላሽ ታውቃለች። «ቆይ ውሃ ላምጣ፣ አብረን እንበጥብጠው» ትለዋለች።

ከዚህ በላይ አልጨመርኩም። ልብ መታ፣ ጉልበት ራደ የሚል አንቀጽ በመጣብኝ ቁጥር «በእጁ ምን ይዟል?» እላለሁ፤ መልስ ካጣሁ አንቀጹ ይሰረዛል። መካሪ አዋቂም አላስገባሁም። አከራይዋ እንኳ «አንተ ልጅ፣ መሽቷል፣ ወደ ቤትህ!» ከማለት አታልፍም። የጥምቀትን ሎሚ ውርወራ ደግሞ ለዘፈን ክሊፖች ተውኩላቸው።

ማደጋቸውን ያመጣሁት በፈተናው በኩል ነው። ታሪኩን 2014 ዓ.ም. ላይ ያደረግኩት ለዚሁ ነው። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 መግቢያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ ተፈተኑ፤ መጀመሪያ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ የተፈጥሮ ሳይንስ። እሷ ማኅበራዊ፣ እሱ ተፈጥሮ። እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል። እኔ ብፈጥረው «ተጎትቶ የመጣ» ይባል ነበር፤ ትምህርት ሚኒስቴር በነፃ ሰጠኝ። ውጤቱም አላፈናፈነኝም፤ ከተፈታኙ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱንም አሳልፌ ባጋባቸው እውነት የሚመስለው ተማሪ የት ይገኛል? እሷ ለሪሚዲያል፣ 50 ላልሞላላቸው ለተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ትደርሳለች፣ እሱ አይደርስም።

ረቂቁን ለሁለት የ11ኛ ክፍል ልጃገረዶች ሰጠሁ። በዚህ ዕድሜ ላሉ የሚጽፍ ሰው ይህን ባይዘል ይሻለዋል፤ እኛ ዓመታት አልፈውናል፣ እነሱ ውስጡ ናቸው። አንደኛዋ መጨረሻው ላይ ተናደደች። «ለምን ተከትሏት አይሄድም?»

ሌላዋ ቀና ሳትል «ኪራዩን ማን ሊከፍልለት?» አለቻት።

መልሷን አስፈቅጄ በታሪኩ ውስጥ ለልጁ እናት ሰጠኋት።