ጓሮዬና የመዝሙር ክፍላችን፦ የሁለተኛ ዓመት ማስታወሻ

ሰላም የመዝሙር ክፍል ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። አምና ለጥምቀት 12 አዲስ መዝሙር እናጠናለን ብዬ አቅጄ፣ ጥር 10 ታቦት አጅበን ስንወርድ በትክክል የያዝነው 3 ብቻ ነበር። በቀሩት ከንፈር ስናንቀሳቅስ ዋልን። ከበሮው ባይሸፍነን ጉድ ነበር።

የዘንድሮን ዕቅድ ያወጣሁት ጓሮ ውስጥ ሆኜ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሰኔ ላይ ተክለን ጥቅምት መጨረሻ ነቀልን፣ አምስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። እናቴ «ለገና የምትፈልገውን በክረምት ካልተከልክ ገበያ ውረድ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አምና ኅዳር ላይ ነበር መዝሙር መምረጥ የጀመርኩት!

ስለዚህ መጀመሪያ በዓላቱን ጻፍኩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ቀላል የአማርኛ መዝሙር እንደ ሰላጣ ነው፣ በሦስት በአራት እሑድ ይደርሳል። ወረብ ግን ነጭ ሽንኩርት ነው። ግእዙ አለ፣ ዜማው አለ፣ ጸናጽሉና ሽብሸባው አለ። የጥምቀቱን ወረብ ነሐሴ ላይ ጀመርን፤ አንዳንዶቹ «ገና ክረምት ሳይወጣ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ውርጩ መጣ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ (ቆላው ሸዋ ሮቢት ያላችሁ እለፉት)። ድንቹን በአንድ ሌሊት አጠቆረው፣ ጎመኑ ግን ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ጣፈጠ። እኛም በዚያው ሰሞን ማታ ማታ እያጠናን ልጆቹ በጉንፋን ግማሽ ግማሽ እየሆኑ ሲቀሩ፣ ሰነፉ እያልኩ ስቆጣ ከርሜ፣ በመጨረሻ ጥናቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ላይ አደረግነው። ሰው ሞላ።

በጣም የከበደኝ ተጠጋግቶ የበቀለውን እየነቀሉ ማሳሳቱ ነው። ካሮት በደንብ በቅሎ ሳይ አሳዘነኝና ሳልነቅል ተውኩት፣ የወጣው እንደ ጣት የቀጠነ ነገር ነው። መዝሙሩን ግን ጨከንኩበት፣ ከ12 ወደ 6 አወረድኩት። የራሴ ግጥም ያለበትም ተነቀለ፣ ደስ አላለኝም። ጥር 11 ላይ 5ቱ ጥርት ብለው ወጡ፣ ስድስተኛው መሃል ላይ ተንገዳገደ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ይህን ሰው ላይ እንዳታደርጉት። ዜማ የሚሳሳት ልጅ አረም አይደለም። አንዱን ከከበሮው ጎን አንስተን ጥሩ ከሚይዝ ልጅ አጠገብ ስናቆመው በሁለት ወር ተስተካከለ፤ ለካ ራሱን አይሰማም ነበር።

አሁን ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። 55 ቀን ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ድሮ ይህን ጊዜ እንደ ዕረፍት ነበር የማየው። ዘንድሮ ትንንሾቹን ዜማ ላስጠናበት ነው፣ ከበሮ ሳይኖር ስህተቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማላ። ቆዳው የላላውንም ከበሮ በዚሁ እናስጠግናለን። ካሮቱንም ደግሜ እዘራለሁ፣ አሁን ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ።