በቼክ ገጠር ቤት ስትገዙ አስቀድማችሁ መንገዱን እዩ

በቼክ ሪፐብሊክ ደቡብ ምዕራብ፣ በሹማቫ ተራሮች ላይ፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባት መንደር አሮጌ የድንጋይ ቤት ገዛሁ። ግዢው ቀላል ነበር፤ ውሉን ተፈራረምን፣ ፊርማው ተረጋገጠ፣ ለመሬት መዝገቡ፣ ማለትም ለካታስትሩ፣ 2,000 ኮሩና ተከፈለ፣ ሕጉ የሚያዘው የ20 ቀን መቆያ ሲያልፍም ቤቱ በስሜ ተመዘገበ።

ጣጣው የመጣው ከመንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቤቱ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ፣ መሐሉ ሣር የበቀለበትና ግራና ቀኙ በትራክተር ጎማ የተቦረቦረ፣ ለሚያየው ሁሉ የመንደሩ መንገድ ይመስላል። በካታስትሩ ካርታ ላይ ግን የአንድ አዛውንት ጎረቤት የግጦሽ መሬት ነው። በኅብረት እርሻው ዘመን መንገድ የሚወጣው ለትራክተር በሚመች በኩል ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶች ሲመለስ መንገዱም አብሮ ተመለሰ። አዛውንቱ አንድ ቀን ሰንሰለት ዘርግተው ቆለፉበት።

ከግዢው በፊት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ «ሰው ሁሉ ሲሄድበት የኖረ ነው፣ አያስቡ» ብላኝ ነበር። ከተቆለፈ በኋላ ግን ነገሩ «የግል ጉዳይ» ሆነ። መንገዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆኑን የመወሰን ሥልጣን የመንገድ አስተዳደሩ ሆኖ ሳለ፣ ማመልከቻዬ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከረመ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ደላላውም «የባለቤትነት ማረጋገጫው ንጹሕ ነው» እያለ ሲምል ነበር። ንጹሕ ማለት ዕዳና እገዳ የለበትም ማለት እንጂ መግቢያ አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ መግቢያ ለሌለው ይዞታ ፍርድ ቤት በክፍያ መተላለፊያ እንዲፈቅድ ያደርጋል፤ ሆኖም ባለይዞታው መግቢያ ያጣው በራሱ ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ይከለክለዋል። ካርታው በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ስለሚታይ፣ ሳያይ የገዛ ሰው «አላወቅሁም» ብሎ መከራከሩ ያስቸግረዋል።

ስለዚህ ክሱን ትቼ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ቅሬታቸው ከእኔ ጋር ሳይሆን ሳይጠይቋቸው መኪና ሲያሳልፉ ከኖሩት የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጋር ነበር። በገንዘብ ተስማማን፤ የመተላለፊያ መብቱም በእኔ ስም ሳይሆን ለቤቱ ይዞታ ተመዘገበ፤ ነገ ብሸጠው ለገዢው ያልፋል። የቃል ፈቃድ ብቻ ይዛችሁ አትግዙ፤ መብቱን ሻጩ ራሱ አስመዝግቦ ካላሳያችሁ ቀብድም አትክፈሉ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱ የግል ነው ስለሚል፣ በክረምት በረዶውን የምንጠርገው እኔና አዛውንቱ ነን።