ስለ ትከሻዬ ቀዶ ሕክምና ከመወሰኔ በፊት ያባከንኋቸው አምስት ወራት

ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ ጎንደር ካለው የፋሲለደስ መዋኛ ወደ ማራኪ ሰፈር ስመለስ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና ቀኝ እጄን እንደ ዘረጋሁ ወደቅሁ። በማግሥቱ ራጅ ተነሣሁ፤ ስብራት አልተገኘም። የህመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ፤ ወሰድሁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀጥሎ የተባልሁት ነገር ነው። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «አጥንትዎ ደህና ነው፤ እጅዎን አስረው ያሳርፉት» አለኝ። እስከ መቼ እንደማሳርፈው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ክንድዎን ወደ ላይ ያንሡ፣ ወደ ኋላ ይውሰዱ ብሎም አልፈተነኝም። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን እንደማያሳይ፣ የትከሻን መገጣጠሚያ አቅፈው ከሚይዙት አራት ጡንቻዎች የአንዱ ጅማት ቢቀደድ ፊልሙ ላይ ምንም ላይታይ እንደሚችል ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ደህና የተባለው አጥንቱ ብቻ መሆኑን ያን ዕለት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

እኔም የታዘዝሁትን አጥብቄ ፈጸምሁ። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ እጄን ከአንገቴ ጋር አሰረችልኝ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ለመታጠብ ካልሆነ በቀር አልፈታሁትም። በመካከሉ ቤተሰብ ወትውቶኝ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ሄድሁ። ክንዴን ሊስቡት ሲሉ እንቢ አልሁ፤ ውስጡ ምን እንደሆነ ያልታየ ትከሻ መሳብ የለበትምና በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን «የኔ ልጅ፣ ያልሠራ እጅ ይደርቃል፤ ፍታውና ቀስ እያልህ አንቀሳቅሰው» ያሉኝን አብሬ መጣሌ ይቆጨኛል። ሐኪም ካዘዘኝ ይልቅ እውነቱ እሳቸው ዘንድ ነበር።

ነጠላውን የፈታሁት በዐቢይ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላማትብ ብል እጄ ከአገጬ አላልፍ አለኝ፤ ግንባሬን ወደ እጄ ዝቅ አድርጌ አማተብሁ። ክፍል ውስጥም ከሰሌዳው የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ስለምጽፍ የኋላ ተማሪዎች ቆመው ይገለብጡ ነበር። ሌሊት በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልሁም።

ራጅ ወደ ተነሣሁበት ሕክምና ቦታ ስመለስ ያገኘሁት ሌላ ሐኪም ደግሞ ካርዴን አገላብጦ «ይህ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ይሂዱ» አለኝ። ምን እንደሚቀደድ፣ ምን እንደሚሰፋ ስጠይቀው «እዚያ ይነግሩዎታል» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተንከባለልሁ ሰኔ ገባ። ዕቁብተኞቹ ተራዬን አስቀድመው ሰጡኝና ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄድሁ።

እዚያ ጅማትንም የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ ተነሣሁ፤ የላይኛው ጅማት በከፊል መቀደዱ፣ መገጣጠሚያውም መድረቁ ታወቀ። ቀዶ ሐኪሙ ክንዴን በየአቅጣጫው እያንቀሳቀሰ ከመረመረኝ በኋላ ያስረዳኝ ይህን ነው፦ በአደጋ ሙሉ በሙሉ የተቀደደ ጅማት ቶሎ መሰፋት አለበት፤ ከዘገየ ጅማቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጡንቻውም እየኮሰሰ በስብ ይተካል። የእኔ ግን በከፊል የተቀደደ ነው፤ የደረቀ ትከሻ ላይ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ድርቀቱን ሊያብስ ይችላል። ብሰፋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እጄ እንደገና እንደሚታሰር፣ ሙሉ ኃይሉ እስኪመለስም ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ነገረኝ። «መጀመሪያ ሦስት ወር በፊዚዮቴራፒ ይሥሩ፤ ከዚያ እንወስናለን» አለኝ። እጄ እንደገና ይታሰራል የሚለውን ቃል ስሰማ ፊዚዮቴራፒውን ለማስቀደም ወሰንሁ።

ጎንደር ተመልሼ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ጀመርሁ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እያስኬድሁ የደረሱበትን በየእሑዱ በጠመኔ አሰመርሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መስመሮች ተደራርበው አንድ ይመስሉ ነበር፤ አለቀስሁ። አንድ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ፤ ህመሙን አስታግሶ እንድሠራ ረድቶኛል፤ መደጋገሙ ጅማትን ስለሚያዳክም ግን ሁለተኛ አልፈለግሁም።

ከወደቃችሁ በኋላ ክንዳችሁ በራሱ ኃይል አልነሣ ካለ «ራጁ ደህና ነው» በሚል ቃል ወደ ቤት አትመለሱ፤ ጅማቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። አሳርፉት ከተባላችሁ ደግሞ ስንት ቀን እንደሆነ ሳይነገራችሁ ከክፍሉ አትውጡ። ይህን ማለት ሐኪምን መድፈር መስሎኝ አፍሬ ነበር፤ ያ ሐፍረት አምስት ወር አስከፍሎኛል።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ቀዶ ሕክምናውን ተውሁት። የሌሊቱ ህመም ከተመለሰ ወይም ክንዴ ከደከመ አላመነታም፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለይቼ አስቀምጫለሁ። እናቴ ግድግዳው ቀለም ይቀባ ብትል ለምኜ አስተውቻታለሁ፤ የመጨረሻው መስመር ከግራ እጄ ምልክት ገና በሁለት ጣት ያንሳል።