ሥራው ያለው ከጃንዋሪ በፊት ነው፦ ከኮሎራዶ ምክር ቤት የተማርኩት

የስቴት ሕግ አውጪ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያውቁት የዋሽንግተኑን ኮንግረስ ነው። እኔ የሠራሁት ዴንቨር ባለው የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ካፒቶል ውስጥ ነው፤ ለአንዲት የኮሎራዶ ተወካይ ረዳት ሆኜ። የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት በጀት፤ የዕለት ኑሯችንን የሚነካው ብዙው ሕግ የሚወጣው እዚያ ነው። የእኛ ሰው ግን ለዚህ ቤት ትኩረት አይሰጥም። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የገባሁት በምርጫ ዘመቻቸው ጊዜ በር በማንኳኳት ነው። አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ወረዳ ወደ 89 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አለው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያዳርስ የማስታወቂያ ገንዘብ ያለው እጩ ጥቂት ስለሆነ ዘመቻው በእግር ነው። አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ሲገኙ እኔ እላካለሁ። ተወካይዋ ሲያሸንፉ ቢሯቸው ውስጥ እንድሠራ ጠየቁኝ።

የተወካዮች ምክር ቤቱ 65፣ ሴኔቱ ደግሞ 35 አባላት አሉት። መደበኛው ጉባኤ ጃንዋሪ ላይ ይከፈትና በ120 ቀን ውስጥ ያልቃል። ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር አንድ አባል በዓመት የሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ 5 ብቻ ነው። ሥራውን በደንብ የገባኝ ይህች አምስት ምን ማለት እንደሆነች ሳይ ነው። ቢሯችን በየሳምንቱ አዲስ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው አያጣም። ተወካይዋ ሰውየውን አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ "ይህ አዲስ ሕግ ሳይወጣ አይፈታም?" ብዙ ጊዜ ይፈታል። ጉዳዩን ለያዘው መሥሪያ ቤት ስልክ እንደውላለን፣ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ያልቃል። ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል እንጂ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያረካው ይህ ነበር።

ከአምስቱ ረቂቆች ደግሞ ከሁለት በላይ ከዲሴምበር 1 በኋላ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ጉባኤው ሲከፈት አጀንዳው በአብዛኛው ተይዟል። የእኛ ማኅበረሰብ ሰዎች ግን የሚመጡት ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ ነው፤ ጉዳዩ ሲጋጋል። ሎቢስቶቹ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚቀጠሩት ሰዎች፣ በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰዋል። እነሱ የሚመጡት ጁላይና ኦገስት ላይ፣ ተወካዩ ጊዜ ሲኖረው፣ ቡና እየጠጣ ረጋ ብሎ ሲያዳምጥ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ለማውቀው ሰው ሁሉ መናገር ጀመርኩ፦ በጁላይና በኦገስት ሂዱ።

አንድ ረቂቅ ላይ ብዙ ተማርኩ። የሙያ ፈቃድ ፈተና ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲሰጥ የሚል ነበር። ሐሳቡን ፊት ለፊት የሚቃወም ሰው አልነበረም። ያስቸገረው የወጪ ግምቱ ነው። እያንዳንዱ ረቂቅ ስንት ገንዘብ እንደሚፈልግ ከፓርቲ ነፃ የሆኑ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ያሰላሉ። የኮሎራዶ በጀት ገቢና ወጪው መመጣጠን አለበት። በዚያ ላይ ሕዝቡ በ1992 ባጸደቀው ታቦር በሚባለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት ያለ ሕዝብ ድምፅ ግብር መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ረቂቅ ወደ በጀት መዳቢው ኮሚቴ ይሄድና ዋናው በጀት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ብዙ ጥሩ ሐሳብ እዚያው ይቀራል።

ተወካይዋ ረቂቁን አጠበቡት። በአንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ እንዲጀመር አደረጉ፤ ወጪውም በጣም ወረደ። አብረውን የለፉ ሰዎች ተቆጡ፣ "ሸጣችሁን" ያለንም ነበር። እኔ ግን እሳቸው ልክ ነበሩ እላለሁ። ሰፊው ረቂቅ ኮሚቴው ውስጥ ቢሞት ማንም ፈተናውን በቋንቋው አይወስድም ነበር።

ከዚያ ድምፅ ቆጠራው መጣ። በተወካዮች ምክር ቤት 33፣ በሴኔት 18 ድምፅ ያስፈልጋል። እሳቸው ዝርዝሩን በእጃቸው ይዘው እያንዳንዱን አባል ራሳቸው ያናግሩ ነበር፤ የሌላውን ፓርቲ ሰዎችም ጭምር። "እያሰብኩበት ነው" ያለውን ሁሉ እንቢ እንዳለ ነበር የሚቆጥሩት። ረቂቁ ሲያልፍም የተገኘው ድምፅ ከቆጠሩት በልጦ ነበር።

ኑሮው ቀላል አይደለም። ደሞዙ እኔ በነበርኩበት ጊዜ በዓመት 40 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ብዙ አባላት ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ግን ለሌላ ነገር ጊዜ የለም። በዚያ ላይ የዘመን ገደብ አለ፤ በአንድ ምክር ቤት በተከታታይ ከ8 ዓመት በላይ መቆየት አይቻልም። አዲስ ሰው እንዲገባ በር ይከፍታል፣ እደግፈዋለሁ። ችግሩ ሰው በጀቱን ማንበብ ሲለምድ መውጫው ይደርሳል። ሎቢስቶች ግን ገደብ የለባቸውም።

ኮሎራዶን ከኮንግረስ የሚለያት ትልቁ ነገር በ1988 ሕዝቡ ያጸደቀው ሕግ ነው፦ ወደ ኮሚቴ የተመራ ረቂቅ ሁሉ ቀርቦ መደመጥና ድምፅ ሊሰጥበት ይገባል። የኮሚቴ ሰብሳቢ ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፈው አይችልም። ማንኛውም ሰው ደግሞ ቀርቦ መናገር ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ይመዘገቡና በአካል ወይም በዙም ይናገራሉ። የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። የረቂቁን ቁጥር፣ ትደግፉት እንደሆነ ወይም ትቃወሙት፣ ከዚያ በራሳችሁ የደረሰውን ተናገሩ። የተጻፈ መግለጫ ማንበብ አያስፈልግም። ስትጨርሱ ወዲያው አትሂዱ፤ አባላቱ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ እኔ እንዳየሁት ሐሳባቸውን የሚቀይሩትም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።