ዓሣው የታለ?

ቡና አፍልቼ ጎረቤት ስጠራ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይቺን ነበር። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጎን መብራት የበራለት፣ ውሃው የሚሽከረከር፣ ሂተሩ የሚሰራ አንድ ሙሉ አኳሪየም አለ፣ ውስጡ ግን ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው። ዓሣው የታለ? አንዷማ ጠጋ ብላ ከድንጋዩ ጀርባ ሁሉ ፈልጋ ስታጣ "ውይ በሞትኩት፣ ሞቱብሽ እንዴ?" ብላ ደረቷን ያዘች። አልሞቱም፣ ገና አልተገዙም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስንቀልብ ነው የከረምነው።

ነገሩ የጀመረው ባልቲሞር ነው። ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው፣ ናሽናል አኳሪየም ወሰድነው፣ ሻርኩም ኤሊውም ምንም አልመሰለውም፣ ብርቱካናማና ነጭ የሆነችው ክላውን ፊሽ የምትባል የባህር ዓሣ ጋ ሲደርስ ግን ተተክሎ ቀረ። ከዛ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታችን እስክንደርስ "አንድ ብቻ ማሚ፣ አንድ ብቻ" እያለ ጆሮዬን በላው፣ እኔም ከአንድ ዓሣ ምን ይመጣል ብዬ እሺ አልኩ። ምን እንደሚመጣ አሁን አውቄዋለሁ።

ሱቅ ስንሄድ ያገኘነው ልጅ ለጀማሪ ትንሽ ነው የሚቀለው ብሎ አምስት ጋሎን የምትይዝ ታንክ ሊያሸክመን ነበር፣ በዛ ላይ ብሉ ታንግ የምትባለዋን ሰማያዊ ዓሣ ጨምሮ። ደግነቱ ባሌ ስልኩን አውጥቶ ሲያይ ብሉ ታንግ ስታድግ 30 ሴንቲሜትር የምትደርስ ዋናተኛ ናት፣ ባልዲ ውስጥ አትኖርም። ትንሽ ይቀላል የሚለውም ቢሆን ተገላቢጦሽ ነው፣ በስኒ የተቀዳ ቡናና ጀበና ውስጥ ያለ ቡና እኩል አይቀዘቅዝም አይደል፣ ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዉም ቆሻሻውም ቶሎ ቶሎ ነው የሚገለባበጠው። ለዛ 20 ጋሎን ገዛን፣ ወደ 75 ሊትር ማለት ነው፣ ሎንግ የሚሉትን ዝቅ ብሎ ረዘም ያለውን። ይሄ ነገር ድንጋዩም አሸዋውም ገብቶ ሲሞላ ከ100 ኪሎ ማለፉን ያወቅኩት የቲቪ ጠረጴዛችን ላይ ላስቀምጠው ስል ነው፣ በቃ ለሱ የተሰራ ስታንድ ሌላ ወጪ።

ከዛ ውሃ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። እኛ ሰፈር ጀርም እንዲገድል ውሃው ውስጥ የሚገባው ክሎራሚን ነው፣ ክሎሪን ብቻ ቢሆን በባልዲ ሲያድር ይተናል፣ ክሎራሚን ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዛ ላይ ፎስፌትና ናይትሬት ካለበት አልጌ ይቀልባል፣ ከቱቦ መዳብ ከመጣበት ደግሞ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይጨርሳል። የሚፈለገው አርኦ ዲአይ የሚባለው ምንም የሌለበት ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የምትለካ ትንሽዬ ቲዲኤስ ሜትር ገዝቼ የቧንቧውን ስነክር 180 ምናምን አለች፣ የተጣራው ዜሮ። ማጣሪያ እስክንገዛ ድረስ ከዓሣ ሱቅ በጀሪካን ነው የቀዳነው፣ አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ ያልተሰለፍኩበት ሰፈር የለም፣ አሜሪካ መጥቼ ደግሞ ለዓሣ ጀሪካን ተሸከምኩ፣ ያውም ገና ለሌለ ዓሣ!

ጨዉን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ጨው በዶላር ገዛሽ? ከዚህ አሞሌ ልላክልሽ እንጂ!" አለች። የምግብ ጨው አይሆንም እማ፣ እሱ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ ባህር ውስጥ ማግኒዥየም አለ፣ ካልሲየም አለ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ፣ ሁሉም በልኩ የተደባለቀበት ነው የሚሸጠው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፣ "እሺ፣ እና መቼ ነው የሚጠበሱት?" አለችኝ። ተውኩት።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ ለአንድ ጋሎን ውሃ ግማሽ ኩባያ ገደማ፣ ውሃው ላይ ጨዉን እየነሰነሱ እንጂ ጨዉ ላይ ውሃ አይገለበጥም፣ አለበለዚያ ነጭ ደመና ሆኖ ባልዲው ስር ይጋገራል። ትንሽ ፓምፕ ውስጡ ለቀን ያህል ሲያዞረው ያድርና በሪፍራክቶሜትር ይለካል። ሪፍራክቶሜትር የምትባለዋ ትንሽ አጉሊ መነፅር ነገር ናት፣ ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ወደ መስኮት ዞራችሁ በአንድ ዓይን ስታዩ ላዩ ሰማያዊ ታቹ ነጭ ነው፣ መስመሩ 35 ላይ ሲያርፍ፣ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው፣ ባህር ሆነ፣ ክብደቱን ከንጹህ ውሃ ጋር በሚያወዳድረው በሌላኛው ስኬል 1.026 አካባቢ። ልጄ ይሄን ስራ ከኔ ቀምቶ የራሱ አድርጎታል።

አሁን ወደ ባዶው ታንክ ልመለስ፣ ሰው ያልገባውም እኔም መጀመሪያ ያልገባኝም እሱ ነው። ዓሣ ሲበላም ሲተነፍስም አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ስንጥቡን ያቃጥለዋል፣ ባህር ሰፊ ስለሆነ ምንም አይልም፣ የኔ 75 ሊትር ውስጥ ግን በቀናት ውስጥ መርዝ ይሆናል። የሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ናይትሬት ካልበዛ ችግር የለውም፣ ውሃ በመቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ሳይሆን ድንጋዩና አሸዋው ላይ ተለጥፈው ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ የሚመረጠው ለዛ ነው፣ ለውበት እንዳይመስላችሁ።

እና ነገርዬው ሊጥ ነው በቃ! እርሾ ሳይኖር ያቦካችሁትን ሊጥ ምጣድ ላይ አታፈሱትም፣ ትጠብቃላችሁ። እኔ ደረቅ ድንጋይ ነው የገዛሁት፣ ስለሚረክስና የማላውቀው ትል ምናምን ይዞ ስለማይመጣ፣ ግን ደረቅ ማለት እርሾ የሌለው ማለት ነው። ሜሪላንድ ያለ አንድ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ታንክ ያቆየ፣ ከራሱ ታንክ ቡጢ የምታክል ድንጋይ አውጥቶ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ልክ ከጎረቤት እርሾ እንደመዋስ ነው፣ አመስግኜ ሳልጨርስ "እንዳትደርቅ፣ ቶሎ ሂጂ" ብሎ አባረረኝ። ለባክቴሪያው ምግብ ይሆን ዘንድ አሞኒያ በጠብታ እያደረግን 2 ፒፒኤም፣ ከሚሊዮን ሁለት እጅ ማለት ነው፣ ላይ አደረስነው። ድንጋይ መቀለብ ያልኩት ይሄን ነው።

ከዛ ማታ ማታ ኪችን ውስጥ ላብራቶሪ ተከፈተ። ቱቦ ውስጥ ውሃ፣ ጠብታ፣ መነቅነቅ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ። ባሌ ቱቦዋን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፎ "ይሄማ ቢጫ ነው" ይላል፣ እኔ "የሎሚ ልጣጭ ነው፣ አረንጓዴ አለው" እላለሁ፣ በስንት ዓመት ትዳራችን በቀለም ተጣልተን አናውቅም ነበር። በዘጠነኛው ቀን አሞኒያው መውረድ ጀመረ፣ ናይትራይቱ ግን ሐምራዊ ሆኖ ሦስት ሳምንት ንቅንቅ አልል አለ፣ ሱቅ ሄጄ ዓሣ ልግዛና ይለቅ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። የናይትሬቱ ደግሞ ሁለተኛዋ ጠርሙስ በደንብ ካልተናወጠች ውሸት ነው የምትናገረው፣ ወረቀቱ ላይ ተፅፎ ነበር፣ ማን ያነባል። በስድስተኛው ሳምንት አሞኒያውን 2 ፒፒኤም አድርገን ሲነጋ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ። ግማሹን ውሃ ቀየርንና አለቀ።

አላለቀም። በመጀመሪያ የገቡት አልጌ የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችና ሁለት ኸርሚት ክራብ፣ ባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖች፣ ናቸው፣ ምክንያቱም አሸዋው ቡናማ አልጌ ለብሶ ነበር፣ አንድ ሰው የቡና አተላ የደፋበት ነው የሚመስለው፣ አዲስ ታንክ ላይ የተለመደ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ስህተቴን የሰራሁት እዚህ ጋ ነው። ውሃው በየቀኑ ሊትር የሚጠጋ ይተን ነበር፣ እኔ ደግሞ የጨው ውሃ ታንክ አይደል ብዬ በየቀኑ የጨው ውሃ እሞላለሁ። አስቡት፣ የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዛው ቀርቷል፣ እኔ በላዩ ላይ ጨው እጨምራለሁ። ወጥ ሲንተከተክ ቢውል ጨዉ እንደሚበረታ የማላውቅ ይመስል! ከአሥር ቀን በኋላ አንዱ ትልቁ ቀንድ አውጣ ተገልብጦ ተኛ፣ ቀና አደረግኩት፣ መልሶ ወደቀ፣ በማግስቱ አውጥቼ ሳሸተው… የሞተ ቀንድ አውጣ አሽታችሁ ካላወቃችሁ እድለኞች ናችሁ። ልጄ ሪፍራክቶሜትሩን አምጥቶ አየና "ማሚ፣ 40" አለኝ። 40! ንጹሁን ውሃ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ በቀናት ውስጥ መለስኩት፣ በአንዴ ቢወርድ የቀሩትንም ይጨርሳቸዋል። አሁን መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ መስመር አስምሬያለሁ፣ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ሲል ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ።

ዓሣዎቹ የመጡት ከዛ በኋላ ነው፣ ከወጪው ሁሉ እነሱ ናቸው ርካሹ። ሁለት ክላውን ፊሽ፣ ከባህር የተጠመዱ ሳይሆን በእርባታ የተፈለፈሉ፣ እነዚህ ይጠነክራሉ፣ የሚሰጣቸውን ምግብም ለምደውት ነው የሚመጡት። አኒሞን የሚባለው ባለ ጣቱ እንስሳ የግድ አያስፈልጋቸውም፣ እሱ ለጀማሪም አይሆንም። ከነላስቲካቸው ታንኩ ላይ አንሳፍፈን ሙቀቱ ሲስተካከል በቀጭን ቱቦ የታንኩን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን አንድ ሰዓት ያህል አለማመድናቸው፣ ልጄ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጠብታ ሲቆጥር። ተለቅ ያለችው በርበሬ ተባለች፣ ትንሹ ሽሮ።

በሦስተኛው ቀን ሽሮ ማንቀጥቀጥ ጀመረው። በርበሬ ስትጠጋው በጎኑ ዘንበል ይልና መላ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ ልክ የሚጥል በሽታ። እኔ አለቀ፣ ገደልኩት ብዬ ለሜሪላንዱ ልጅ በቪድዮ ደወልኩ፣ እሱ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። እጅ እየነሳ ነው አለኝ። ክላውን ፊሽ ሁሉም ሲወለድ ወንድ ነው ለካ፣ ከመሀላቸው ትልቋና አዛዧ ሴት ትሆናለች፣ ሌላው በቃ እመቤቴ አንቺ ነሽ፣ አትንከሺኝ እያለ ይንቀጠቀጥላታል። እሷ ብትሞት ደግሞ እሱ ራሱ ተቀይሮ ሴት ይሆናል። ባሌ ይሄን ሲሰማ ለሽሮ ትንሽ አብዝቶ መቀለብ ጀመረ፣ ከለከልኩት፣ የተረፈ ምግብ መልሶ አሞኒያ ነው።

ባለፈው እሁድ የባሌ አጎት መጡ። በወጣትነታቸው ባህር ኃይል ሆነው ምፅዋ ያገለገሉ ሰው ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ወንበር ስበው ታንኩ ፊት ተቀመጡና ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም ብለው አዩ። ከዛ "ምፅዋ የማውቀው ሁለት ነጭ መስመር ነው ያለው፣ ይሄ ሦስት ነው" አሉ። ኋላ ስፈልግ እውነታቸውን ነው፣ ቀይ ባህር ውስጥ ያለው ዝርያ ባለ ሁለት መስመር ነው። ቀጥለው ምንም ሳይሉ ተነስተው ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱት፣ ልክ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው። "ጨው ያንሰዋል ልጄ" አሉኝ።

ሁላችንም ሳቅን፣ ግን ማታ አላስተኛ ብሎኝ ሳነብ ቀይ ባህር ወደ 40 ይጠጋል፣ የኔ 35 ነው። ሙቀቱ ውሃውን ያተነዋል፣ የሚገባበት ወንዝ የለም ማለት ይቻላል፣ ከላይ የሚጨምርለት ዝናብም ትንሽ ነው፣ የጎደለውን የሚሞላው በባብ ኤል መንደብ የሚገባው ያው የጨው ውሃ ነው። እኔ በአሥር ቀን የሰራሁትን ስህተት እሱ ዘላለሙን ሲሰራው ኖሯል፣ ዓሣዎቹ ደግሞ ለምደውታል።

ጋሼ ጣታቸውን ሲነክሩ ግን ክትፎ በልተው እጃቸውን አልታጠቡም ነበር፣ ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል። በነጋታው ጠዋት አሞኒያ ለካሁ። ቢጫ ነው። ባሌም ቢጫ ነው አለ።